ከሩጫ በኋላ የተቀዳ ደም

የእህቴ ልጅ ሯጭ ነው። ሯጭ ስል ስሙ በሬዲዮ የሚጠራ ማለቴ አይደለም። ገና ጎሕ ሳይቀድ በአስፋልቱ ዳር ትንፋሻቸው እየጨሰ ከሚያልፉት፣ የአንዱ ቱታ ከሌላው የማይገጥም፣ የሁሉም ጫማ ግን እኩል ካለቀባቸው ልጆች አንዱ ነው። ከበቆጂ መጥቶ እኔ ቤት ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። በቆጂ የደራርቱና የቀነኒሳ አገር ስለሆነች እዚያ ተወልዶ ሩጫ አልሞከርኩም የሚል ወጣት ማግኘት ያስቸግራል፤ የሞከረ ሁሉ ግን ደራርቱን አይሆንም። ይህን ለልጁ ነግሬው አላውቅም። እናቱም እኔ ዘንድ የላከችው ይህን እንድነግረው አይደለም።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ቀኝ እግሩን ያመው ጀመር። ሕመሙ ከተረከዙ በላይ፣ ባቱን ከአጥንቱ ጋር በሚያያይዘው ወፍራም ጅማት ላይ ነው። ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ እንደ ሽማግሌ ግድግዳ እየተደገፈ ይራመዳል፤ ሲሟሟቅ ይለቀዋል፤ ማታ ደግሞ አብጦ ይመለሳል። ለሯጭ ይህ እንግዳ ሕመም አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሴኮንድ ቀድሞ ወርቁን ሲወስድ ይኸው ጅማት ሲያሠቃየው ከርሞ ነበር፤ ከውድድሩ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በተከታዩ ዓመት ኤድመንተን ላይ ሦስተኛ ወጥቷል። ልጁ ይህን ታሪክ ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል። «ኃይሌም እኮ አሞት ነበር» ይለኛል፤ መታመሙ ራሱ የማዕረግ ምልክት ይመስል።

የቸገረው ጊዜ ነው። አንድ ክለብ ወጣቶች ለመምረጥ የማጣሪያ ውድድር አዘጋጅቶ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ክለብ መግባት ማለት ደግሞ ደመወዝ፣ ጫማና በሰዓቱ የሚቀርብ ምግብ ማለት ነው፤ ለእኔም ቢሆን አንድ እንጀራ በልቶ ሦስተኛውን ከሚጠይቅ ልጅ መገላገል ማለት ነበር፤ ልዋሽ አልፈልግም። በዚህ መካከል የልምምድ ጓደኞቹ ስለ አንድ ክሊኒክ ነገሩት። የራስን ደም ቀድተው፣ በማሽን አሽከርክረው፣ ከውስጡ ምርጡን ለይተው፣ በሚያመው ቦታ ላይ ይወጋሉ። ፒ አር ፒ ይሉታል። «በሦስት ሳምንት ያስሮጣል» ተብሎ ተነግሮታል። መርፌው ሁለት ጊዜ የሚሰጥ ነው፤ የሁለቱ ዋጋ ተደምሮ አንድ በሬ ያወጣል። ይህን የማውቀው አባቱ አንድ በሬ ሸጦ ስለላከ ነው። ከጥማዱ አንዱን ነው የሸጠው። የቀረው በሬ ብቻውን አያርስምና አባትየው ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ሊገባ ነው ማለት ነው።

ገንዘቡ የመጣው በእኔ እጅ ነው፤ ልጁን ይዤ የምሄደውም እኔ ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ስቀዳና ስቆጥር ኖሬ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝ። እህቴ ደም የቀዳ ሁሉ ሐኪም ይመስላታል። ሐኪም አለመሆኔን ለሠላሳ ዓመት ነግሬያታለሁ፤ አልተቀበለችኝም።

የቀጠሮው ዕለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ልጁ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለልምምድ እንደወጣ አውቃለሁ፤ ታጥቦና ልብሱን ቀይሮ ይመጣል ብዬ ነበር። ከመንገዱ ወዲያ ማዶ በሩጫ ሲመጣ አየሁት። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል፤ ቱታው ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«የታክሲው ሰልፍ ረዘመብኝ፣ ጋሼ። ከሚያልፍብኝ ብዬ በእግሬ መጣሁ።»

«ልምምዱንስ?»

«እሱንም ሠራሁ። ከዛሬ በኋላ እረፍት ነው ስላሉኝ የመጨረሻዋን አልቅር አልኩ።»

ሯጭ ታክሲ ቢያጣ ምን ያድርግ? መሮጥ ነው። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳንቀመጥ ተጠራን። ሲስተሯ ክንዱን በላስቲክ ስታስረው ሥሩ እንደ ገመድ ተነሣ። «እንዲህ ያለ ሥር አይቼ አላውቅም፤ ለመቅዳት እንዴት ደስ ይላል!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ የድሮ ሙያዬ ነውና የጥሩ ሥር ደስታ ይገባኛል። ደሙ ሲሪንጁን እየገፋ ሞላ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የቆረቆረኝ።

ነገሩን ለመግለጽ ወደ ኋላ ልመለስ። ሥራ በጀመርሁባቸው ዓመታት ሕዋስ የምንቆጥረው በእጅ ነበር። ደሙን እናቀጥንና መስመር በተሰመረበት መስታወት ላይ እናደርገዋለን፤ ዓይናችንን ማይክሮስኮፑ ላይ ጥደን በጣታችን መቁጠሪያዋን ጠቅ ጠቅ እያደረግን እንውላለን። አንድ ጠዋት ለጤና ምርመራ የተላከ የአንድ ወጣት ፖሊስ ደም ደረሰኝ። ነጭ ሕዋሱ ከልክ በላይ በዝቷል። ያዘዘው ሐኪም የሆነ ቦታ መግል ቋጥሯል ብሎ ሊያስተኛው ተዘጋጀ። ሰውየውን ጠርቼ ብጠይቀው ከኮልፌ ድረስ በሩጫ ነው የመጣው፤ ጤነኛ መሆኑን ለማሳየት! ከሰዓት በኋላ አርፎ ሲቀዳ ቁጥሩ ወርዶ ተገኘ። እኔ ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ለካስ ራልፍ ላራቢ የተባለ የቦስተን ሐኪም የማራቶን ሯጮችን ደም መርምሮ ይህንኑ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው።

ሰው በኃይል ሲሮጥ የሚቸኩለው ልቡ ብቻ አይደለም። የደሙ ውሃ ከፊሉ ወደ ጡንቻው ይሰርጋል፣ ከፊሉ በላብ ይወጣል፤ የቀረው ይወፍራል። በዚያ ላይ አድሬናሊን ጣፊያን ይጨምቃታል። ጣፊያ ዝም ብላ የተቀመጠች እንዳትመስላችሁ፤ ደም ከሚያረጉት ሕዋሳት፣ ፕላትሌት ከሚባሉት፣ ሲሶው ያህል ዘወትር እሷ ዘንድ በተጠባባቂነት ይገኛል። አድሬናሊኑ ሲደርስ በሯን ከፍታ ትለቃቸዋለች። አውሬ ለሚያባርረው ሰው ይህ መልካም ዝግጅት ነው፤ ቢነከስ ደሙ ቶሎ ይረጋለታል። ታክሲ አጥቶ ለሚሮጥ ልጅም ጣፊያው ያንኑ ታደርጋለች፤ ልዩነቱን አታውቅም። ስለዚህ የሯጭ ደም ገና እንዳላበው ሲቀዳ ፕላትሌቱም ነጭ ሕዋሱም ካረፈ ሰው ደም ይበዛል፤ ሲያርፍ ደግሞ ወደ ቦታው ይመለሳል። የአትሌቶችን ደም ለአበረታች መድኃኒት ቁጥጥር የሚቀዱት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ አትሌቱ ከሩጫው እስኪረጋጋ ይጠብቃሉ፤ ቁጭ አድርገው ነው የሚቀዱት።

እንግዲህ ፒ አር ፒ የተባለው ሕክምና የቆመው በእነዚሁ ፕላትሌቶች ላይ ነው። የስፒል ራስ በምታክል ጠብታ፣ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛሉ። ከ8 እስከ 10 ቀን ኖረው ያልፋሉ። ጣሊያናዊው ሐኪም ጁሊዮ ቢዞዜሮ እ.ኤ.አ. በ1882 ሥራቸውን ለይቶ እስኪጽፍ ድረስ ለብዙዎች ከሌላ ሕዋስ የተቆረሰ ፍርፋሪ ይመስሉ ነበር። ሥራቸው ቁስል መድፈን ብቻ አይደለም፤ በውስጣቸው የተሸከሙት ፕሮቲን ሲፈስስ ሌሎች ሕዋሳትን ለጥገና ይጠራል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ጅማት ደም በብዛት የማይደርስበት፣ ቀስ ብሎ የሚድን አካል ስለሆነ እነዚህን ጠሪዎች ሰብስበን በቦታው ብናፈስስስ? ደሙ በሴንትሪፊዩጅ ሲሽከረከር ከባዱ ቀይ ሕዋስ ከታች ይቀመጣል፤ ከላይ ገለባ የመሰለ ፕላዝማ ይቀራል፤ ፕላትሌት የበዛበት ክፍል ተለይቶ ይመጠጣል። ማሽኑን ሳየው የድሮ ጓደኛዬን ያገኘሁ ያህል ተሰማኝ። ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

የቆረቆረኝ ታዲያ ይህ ነው። በዚህ ሁኔታ የተቀዳ ደም የልጁ የዕረፍት ደም አይደለም። ጥሩ ይሁን መጥፎ አላወቅሁም፤ ሌላ መሆኑን ግን አውቄያለሁ። «ትንሽ ይረፍና እንደገና ይቀዳ» ማለት እችል ነበር። አላልሁም። በሰው ማሽን አጠገብ ቆሞ ማዘዝ ነውር ይመስለኛል፤ ጡረተኛም ነኝ፤ ወጣቱ ሐኪም ደግሞ «አባቴ» እያለ በአክብሮት ያስተናግደኛል። መርፌው ተወጋ። ልጁ ጥርሱን ነክሶ ጣሪያውን አየ። ስንወጣ «የበሬው ግማሽ ገባ» አለኝ። ቀልዱ መሆኑ ነው።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ማንበብ ጀመርሁ። ያገኘሁት ነገር ፍርሃቴን ገልብጦ አስቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ2019 ፍሎሪዳ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችን ሆን ብለው ለ20 ደቂቃ በቆመ ብስክሌት ላይ በኃይል ካስለፉ በኋላ ደማቸውን ቀድተው ከዕረፍቱ ጋር አስተያይተዋል። በተዘጋጀው ፕላዝማ ውስጥ ፕላትሌቱ ጨምሮ ተገኘ፤ ከመቅኔ ወጥተው በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት ስቴም ሴል የሚባሉት ሕዋሳትም ጨመሩ። ዶሐ በሚገኘው አስፔታር በተባለው የስፖርት ሆስፒታል የሠሩ ሐኪሞችም ስፖርት መሥራት በፕላዝማው ውስጥ ያለውን የጥገና ፕሮቲን መጠን እንደሚለውጥ ጽፈዋል፤ የዚህን ሕክምና ውጤት የሚመዝኑ ሰዎች ልብ ያላሉት ነገር ነው ብለውታል። እንግዲህ የልጄ ታክሲ ማጣት ሳይንስ ሆኖ ቁጭ አለ! የታክሲ ሰልፍ ለሕክምና ይጠቅማል ብሎ የሚጽፍ ብቻ ነው የጎደለው።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ጣፊያ በሯን ስትከፍት ፕላትሌቱን ብቻ መርጣ አትለቅም፤ ነጭ ሕዋሱም በዝቶ ይመጣል፤ ነጭ ሕዋስ የበዛበት ፕላዝማ ጅማት ላይ ቁጣ ያመጣል ብለው የሚሰጉ ሐኪሞች አሉ፤ ቁጣው ራሱ ለመዳን ይረዳል የሚሉም አሉ። ደግሞ ፕላትሌት መቀስቀስ ይወዳል፤ ከከባድ ሩጫ በኋላ በደም ሥር ውስጥ ሳለ ሆዱን ከፈት ያደረገ ይኖራል። በዛ ማለት በጎ ሆነ ማለት እንዳልሆነ ሠላሳ ዓመት ሕዋስ የቆጠረ ሰው ያውቃል።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ የልጁን ጃኬት ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ አንድ ቅጠል ክኒን አገኘች። ዲክሎፌናክ ነው። ከአሥሩ ሰባቱ የለም። ሕመም ማስታገሻ ነው፤ ሯጮች እንደ ከረሜላ ይውጡታል። እንደ አስፕሪን ሁሉ የፕላትሌትን ሥራ ያውካል። አስፕሪንማ ፕላትሌቱን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ ሽባ ያደርገዋል፤ የእነ ዲክሎፌናክ ለጊዜው ነው። ቢሆንም ፕላትሌት ለመሰብሰብ በሬ ሸጠን ስናበቃ ፕላትሌቱን የሚያሰንፍ ክኒን መዋጥ ምን ይባላል?

«አልጠየቁኝም» አለኝ።

ጠይቀውታል። ያስፈረሙትን ወረቀት አወጣሁት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሆኖ በስድስተኛው ተራ ላይ ባለፉት ሰባት ቀናት የሕመም ማስታገሻ አልወሰድሁም ይላል። ልጁ አላነበበውም። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አላነበብሁለትም። ስለ ሩጫ የሚል ተራ ግን ወረቀቱ ላይ የለም፤ ሁለት ጊዜ ፈልጌያለሁ።

ከዚህ በኋላ ነው ከመጀመሪያው መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ የጠየቅሁት። ደሙ መቼ ተቀዳ፣ ስንት ፕላትሌት አለው እያልሁ ስጨነቅ መርፌው ለዚህ ጅማት ይረዳል ወይ የሚለውን ዘልዬዋለሁ። የታወቀ ሰው ሲወጋ ሁሉም ይወጋል። የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቹ ሃይንስ ዋርድ እ.ኤ.አ. በ2009 ከሱፐር ቦል በፊት ጉልበቱን በዚህ መንገድ መታከሙ ሲሰማ የመርፌው ስም ገነነ፤ ታይገር ዉድስና ራፋኤል ናዳልም ተከተሉ። ዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች መድኃኒት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ጡንቻ ውስጥ መወጋቱን ከልክሎ ነበር፤ በ2011 ክልከላውን አነሣው። ሰው የተከለከለ ነገር ሲፈቀድ ኃይለኛ መድኃኒት ነው ብሎ ያስባል። የእኔም ልጅ «ተከልክሎ ነበር እኮ!» ያለኝ በዚህ ስሜት ነው።

በዚያው በ2010 ግን ሆላንዶች አንድ ጥናት አወጡ። ልክ የልጁን ሕመም የታመሙ 54 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ግማሹን በፒ አር ፒ፣ ግማሹን በጨው ውሃ ወጉ። ማን በምን እንደተወጋ ታማሚውም አያውቅም። ሁሉም አንድ ዓይነት የእግር ልምምድ ታዘዘላቸው። ከ24 ሳምንት በኋላ ሁለቱም ወገኖች ተሽሏቸዋል፤ በመካከላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2021 እንግሊዞች 240 ሰዎችን ይዘው በሐሰት መርፌ እያስተያዩ ደገሙት፤ ከስድስት ወር በኋላ መልሱ ያው ሆነ። በጉልበትና በክርን ላይ ነገሩ ገና ያከራክራል፤ እኔ ግን የያዝሁት ተረከዝ ነው።

ይህን አንብቤ ስጨርስ የተሰማኝ ንዴት አልነበረም። ይልቅ ዓይኔ ያረፈው ሆላንዶቹ ለሁሉም ባዘዙት ልምምድ ላይ ነው። መርፌው ጨው ውሃም ይሁን ደም፣ ሁለቱም ወገን የሠራው እሱን ነው።

ልጁ ግን በዚያ ሰዓት ስለ ልምምድ አያስብም፤ የሚያስበው ስለ ማጣሪያው ነው። በስድስተኛው ቀን ሌሊት የግቢው በር ሲንቋረር ሰማሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። በቀኝ እግሩ ጣት ብቻ እየረገጠ ገባ።

«የት ነበርክ?»

«ትንሽ ላሟሙቅ ወጥቼ ነው፣ ጋሼ።»

«ስንት ኪሎ ሜትር?»

ዝም አለ። ቆይቶ «ስምንት» አለ። «መጨረሻዋን ብቻ ነው ያፈጠንኳት።»

መቼም እኔ በቁጣ የታወቅሁ ሰው አይደለሁም፤ ያን ዕለት ግን ጎረቤት እስኪነቃ ጮኽሁ። ሐኪሙ መርፌው ከገባ በኋላ ለሁለት ሳምንት ከባድ ሩጫ እንዳይሮጥ ነግሮታል። የተወጋ ጅማት ቁስል ነው፤ ሲያብጥና ሲያም የሚሰነብተው የጥገናው ሥራ ስለተጀመረ ነው፤ በዚያ ላይ ማስፈንጠር ማለት ሊጥ ሳይጋገር ምጣዱን እንደመድፋት ነው። ይህን ሁሉ ተናገርሁ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከዚያ በቀስታ «ጋሼ፣ ከተኛሁ እግሬ ይረሳብኛል» አለኝ። መልስ አጣሁ። ሯጭ ሰው ዕረፍትን የሚፈራው ረሃብን እንደምንፈራው ነው፤ እሱን ደግሞ ከላቦራቶሪ አልተማርሁም።

«እሺ፤ አትተኛም» አልሁት። «ሥራ እሰጥሃለሁ።»

ሥራው የስዊድኑ የአጥንት ሐኪም የሆካን አልፍሬድሰን ነው። እንደሚተረከው ሰውየው ራሱ በዚህ ጅማት ይታመም ነበር። ቀዶ ሕክምና አድርጉልኝ ብሎ አለቃውን ቢለምን ሥራ ትፈታብኛለህ ተብሎ ተከለከለ። እልህ ይዞት ጅማቱ በጥሶ ይገላግለኝ፣ ያን ጊዜ ሳይወዱ ይቀዱኛል ብሎ በሚያመው እግሩ ላይ ክብደት እየጫነ ይሠራ ጀመር። ጅማቱ አልተበጠሰም፤ ዳነ። እ.ኤ.አ. በ1998 ይህንኑ 15 ሯጮች ላይ ሞክሮ ለ12 ሳምንት ቢያሠራቸው ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። አሠራሩ ቀላል ነው። ደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣት ይቆማል፤ ተረከዙን ቀስ አድርጎ ከጠርዙ በታች ያወርዳል፤ መነሣቱ በደህናው እግር ነው። ጉልበት ተዘርግቶ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ ጉልበት ታጥፎ እንዲሁ፤ ጠዋትና ማታ። በቀን 180 መሆኑ ነው። ሲያምም ይቀጥላል። ሌላው ቀርቶ ይህን ያገኘ ሰው ለበሬ ባለቤቶች ሐውልት ሊቆምለት ይገባል።

መርፌው ያስቆጣው እብጠት ሲጎድል፣ ሁለተኛው ሳምንት ካለቀ በኋላ ጀመርን። ቦታው የበረንዳዬ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ሲሚንቶው እዚያ ጋ ዛሬ ለስልሷል። ጎረቤታችን እማማ በአጥሩ በኩል ሲያዩት ሰንብተው አንድ ቀን ባለቤቴን ጠርተው «ልጁ ምን በድሎ ነው? ስግደቱ በዛ» አሏት። በቀን 180 ስግደት ለወጣት ከበድ ያለ ንስሐ ነው መቼም።

የማጣሪያው ዕለት አልሮጠም። እኔም ሂድ ወይም ቅር አላልሁትም፤ ጠዋት ተነሥቶ ደረጃው ላይ ቆሞ ሲቆጥር ሳየው ነው የቀረ መሆኑን ያወቅሁት። ድምፁ ከወትሮው ከፍ ያለ ነበር። ቁርስ አልበላም።

ከማጣሪያው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ለሁለተኛው መርፌ ከክሊኒኩ ደውለውልኝ ነበር። አንገራገርሁ። ሐኪሙን ራሱን በስልክ አቅርቡልኝ አልሁና ስለ ሩጫውም፣ ስለ ክኒኑም፣ ስለ ሆላንዶቹም ጠየቅሁት። አልተቆጣም። «እውነትዎን ነው፣ አባቴ፤ አንዳንዱ ይድንበታል፣ አንዳንዱ አይድንበትም» አለኝ። «ማን እንደሚድን በምን ይታወቃል?» ብለው «ተወግቶ ይታያል» አለ። በሬ የሌለው ሰው እንዲህ ያለ መልስ አይከፋውም።

በዚያው ሳምንት ማታ አባቱ ከበቆጂ ደወለ። የገበያውን፣ የዝናቡን፣ የእህቴን ወገብ ካወራን በኋላ ወደ ነገሩ ገባ።

«ደሙስ ያዘለት ወይ?»

ምን ልበል? ልጁ ሮጦ መጥቶ ስለተቀዳ፣ ክኒን ስለዋጠ፣ በስድስተኛው ቀን ስለፈረጠጠ ነው ብል ልጁን አሳጣዋለሁ። መርፌው ከጨው ውሃ እንደማይሻል ተጽፏል ብል በሬውን አሳጣዋለሁ። ዝም ማለቴን ሰምቶ ኖሮ ቀጠለ።

«ሁለተኛው መርፌ ካነሰውም አይሳሳ። የቀረውን እሸጣለሁ። እሱስ ብቻውን ቆሞ ምን ይሠራልኛል?»

ያን ጊዜ ነው አፌ የተፈታው። «አይሸጥ» አልሁ። «ሁለተኛውን አላስወጋሁትም። ግማሹ ገንዘብ እጄ ላይ አለ።»

«ግማሹ?»

«ግማሹ።»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ሲስቅ ሰማሁት። «ታዲያ ግማሽ በሬ እንዴት ያርሳል?» አለኝ።

ከዚያ ሁሉንም ነገርሁት፤ ታክሲውን፣ ጃኬቱን፣ ወረቀቱን ሳላነብ ማስፈረሜን፣ ደሙ ሲቀዳ አይቼ ዝም ማለቴን። የመጨረሻውን ስናገር ጉሮሮዬ ተዘጋ። እሱ ግን እዚያ ላይ አልቆመም። ያቆመው ደረጃው ላይ ነው፤ ስለ ደረጃው ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። «ምንም አያስከፍልም?» አለ። «ምንም» አልሁት። «እንግዲያው ጠንከር አድርገህ አስቆጥረው» ብሎ ስልኩን ለእህቴ ሰጣት።

አሁን ልጁ ጃንሜዳ ሣሩ ላይ አርባ ደቂቃ ይሮጣል። ዳገት ገና ነው። ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ ግድግዳ አይደገፍም፤ መርፌው ይሁን፣ ደረጃው ይሁን፣ ዕድሜው ይሁን እኔ ለመማል አልደፍርም፤ እሱ ግን መርፌው ነው ብሎ ለጓደኞቹ ይናገራል፤ ስላላበው ነው የሠራለት እያለ። ከመርፌ በፊት ሩጡ ብሎ የመከራቸው ልጆች ሁለት መድረሳቸውን ሰምቼ ወረቀቱን አንብቡ ብዬ በእሱ በኩል ላክሁባቸው።

አባቱ በላክሁለት ገንዘብ ላይ ጥቂት ጨምሮ ወይፈን ገዝቷል። ገና ቀንበር አልለመደም ይላል።